የአሻፈረኝ ዘር

በ1971 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከመተማ በእግሬ ገላባት ተሻግሬ፣ ከገላባት በሎሪ ጭነት ላይ ተቀምጬ የሱዳኗ ዶካ የገባሁት ሰሊጥ ላጭድ እንጂ ላም ልጠብቅ አልነበረም። ሰሊጥ ያጨደ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ውለህ ቀና ስትል ወገብህ የሌላ ሰው ይመስልሃል። ሦስት ሳምንት አጨድኩ። በአራተኛው የማሳው አለቃ ነዶህ ቀጭን ነው ብሎ በሰው ፊት ሰደበኝ። ማጭዴን እግሩ ሥር አስቀምጬ መንገዴን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሰሊጥ ማሳ ገብቼ አላውቅም። እምቢ ማለትን ያን ቀን ጀመርኩ ብል ግን እናቴ በሕይወት ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። ጡት ስታስጥለኝም ያስቸገርኳት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ላም ጠባቂ ብቻ ነበርክ ለሚሉኝ ሰዎች ነው። አዎ፣ ላም ጠባቂ ነበርኩ። "ብቻ" የምትለዋን ግን አልቀበልም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው ከቄስ ቤት የወጣሁት፤ አጻጻፌ ቢወላገድ አንባቢ ይለፈኝ። ስለ ላም ስናገር ግን የሚያርመኝ ሰው ገና አላየሁም።

ሰሊጡን ጥዬ ስሄድ ከዶካ ወጣ ብሎ ሐፊር ዳር ሰው ተሰብስቧል። ሐፊር ለከብት ውሃ ተብሎ የሚቆፈር ኩሬ ነው። አንዲት ቀይ ላም ጭቃው ውስጥ እስከ ሆዷ ሰምጣ ቀርታለች። አምስት ጎረምሶች በገመድ ይጎትቷታል፤ ሁለቱ በዱላ ይመቷታል። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ጀላቢያውን ሰብስቦ መጣና ዱላዎቹን ከእጃቸው ተቀብሎ ኩሬው መሀል ወረወራቸው። ገመዱንም ፈታው። ከዚያ ላሟ ፊት ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ያወራት ጀመር። ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝና ከፊት እግሮቿ ሥር ቆፍር ብሎ በእጁ አሳየኝ። ዐረብኛ ገና አልሰማም ነበር። በጣቶቼ ቆፈርኩ። ጭቃውን ከፊቷ እየጠረግሁ፣ ደረቅ አገዳ እየጎዘጎዝኩ፣ ፀሐይ ካናታችን እስክታልፍ ቆየን። በመጨረሻ ማንም ሳይነካት፣ ራሷ በፈለገች ሰዓት፣ በረጅሙ ተነፈሰችና ተነሥታ ወጣች።

ሽማግሌው ኢድሪስ ይባላል። ሰው ሁሉ "አም ኢድሪስ" ይለዋል፤ አም ማለት በነሱ አጎት ማለት ነው። የአንድ ሐጅ ከብቶች ኃላፊ ነበር። ጭቃዬን ሳልታጠብ ቀጠረኝ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ወተቱ እስክጠግብ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረንም። የስደተኛ ካርዱ የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱንም አንዲት ጊደር በላችብኝ።

አም ኢድሪስ ዘሪባ ሲገባ፣ ዘሪባ የእሾህ አጥር ያለው በረት ነው፣ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ላሞቹን ነው። ሰው ቀጥሎ ነው። ሐጁ ራሱ ቆሞ ቢጠብቀው ግድ የለውም። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ ከላሞቹ አንዷ ጆሮዋን እስክታዞርለት አይገባም። ሁሉም አዙረው አንዷ ብቻ ካላዞረች ወደሷ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ታማ ነው የሚያገኛት። እጁን የሚታጠበው በአመድና ለብ ባለ ውሃ ነው። ሳሙና አይወድም። ላሟ አንተን ነው የለመደችው፣ ሳሙና ሻጩን አይደለም ይለኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሌላው ሁሉ ጥላ ሥር ሲጋደም እሱ የሚያመሰኩትን ሲያይ ይውላል። ወደ ግራ እያላመጠች የኖረች ላም አንድ ቀን ወደ ቀኝ ካላመጠች አፏን ከፍቶ ጥርሷን ይዳብሳል። ከኪሱ ጨው ጠፍቶ አያውቅም። የጀላቢያው ኪስ በጨው ምክንያት ስንቴ ተቀዶ ስንቴ እንደተጣፈ እኔ ነኝ የማውቀው፣ የጣፍኩት እኔ ነኛ።

ማለብም ያስተማረኝ እሱ ነው። ያገራችን ላም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አትለቅም። ስለዚህ ጥጃውን መጀመሪያ ትለቅለታለህ። ጥጃው ሲጠባ ጭራውን ታያለህ፤ ጭራው መወዛወዝ ሲጀምር ወተቱ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ጥጃውን ከእናቱ የፊት እግር አጠገብ ታስረዋለህ፣ እየላሰችው ታልባለህ። ሦስቱን ጡት ብቻ። አራተኛውን አም ኢድሪስ ነክቶ አያውቅም። ሐጁ እንግዳ መጥቶበት ወተት ያነሰው ቀን እንኳ "አራተኛው ባለቤት አለው" ብሎ ቅሉን ይዞ ተነሣ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ከሰው የተጣላ እንደሆነ፣ በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ወተት ለዚያ ለተጣላው ሰው ይዞለት ይሄዳል። ይቅርታ አይልም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ወተቱን ይሰጣል፣ ቅሉን ይቀበላል፣ ይመለሳል። ለምን ስለው ወተቱ አልረጋ እንዳይለኝ ነው አለ። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራሁም።

ስለ ላም ዘር ልናገር፤ ምናልባት ይኼን ሲያነብ የሚናደድ ይኖራል፣ ይናደድ።

ፎገራ ያገሬ ላም ናት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሆዷ ሰፊ። ጣና ዳር ረግረግ ውስጥ ቆማ ስትግጥ የምትስተካከላት የለችም። ዶካ ካመጣሃት ግን በዚያ ሙቀት ቆማ ታይሃለች። አትታመምም፣ አትሸሽም፤ ዝም ብላ የተሰደበ ሰው ዐይን ታሳይሃለች። ከናና ነጭ አመድማ ናት፤ የዐይኗ ዙሪያ፣ አፍንጫዋና ሰኮናዋ ጥቁር ነው። ተኳኩላ ሰርግ ልትሄድ የተነሣች ነው የምትመስለው። ሀዋታ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር በጋውን ስንከርም፣ ጠዋት ውሃ ወርደው ሲመለሱ ቆሜ እያየኋቸው ቁርሴን እረሳ ነበር። ቡጣና ደግሞ ደማቅ ቀይ ናት፣ ጸጥተኛ፣ ረጅም። ሕፃን ሥሯ ቢጫወት እግሯን የምታነሣው አይታ ነው። በጌት ከተከዜ ወዲያ የሁመራ ላም ናት። ሐጁ ድንበሩ ላይ ሐምዳይት ድረስ ልኮኝ ስድስት በጌት ነድቼ መጥቻለሁ። መንገዱን ሁሉ የነዳሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ ዶካ ስንገባ ነው እነሱ እንደነዱኝ የገባኝ። ጆሮዋ ትልቅ፣ ቁጣዋ ትልቅ፣ ወተቷ ትልቅ ነው። በጌት ረግጣኝ አታውቅም የሚል ሰው አልቧት አያውቅም።

የፈላታ ላም የምትባለው ቀይ፣ ቀንዷ እንደ በገና ወደ ላይ የቆመ፣ ከምዕራብ የመጡት ዘላን አርቢዎች ላም ናት። ይህቺ ቻድ ድረስ በእግሯ ሄዳ መመለስ ትችላለች። ስትመለስ የምትሰጥህ ወተት ሻይ አያነጣም። ይህን ለፈላታው ለሙሳ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ አሁን የምነግራችሁ ጉድም ከዚያው የመጣ ነው።

ሙሳ እኩያዬ ነው። መንጋው ከኛ መንጋ ጎን ለጎን ይሰማራል፣ ሁለታችንም አፋችን አያርፍም። እሱ የኔን ላሞች "ስልቻዎች" ይላቸዋል፣ እኔ የሱን "መሰላሎች" እላቸዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ዓመታት ሄዱ።

አንድ ዓመት ማሽላው ከታጨደ በኋላ ሳይታሰብ ዝናብ ጣለ። የተቆረጠው አገዳ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ አወጣ፤ በደረቁ ሜዳ መሀል አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ይህ ቡቃያ ለከብት መርዝ ነው። አድጎ ካላበበ በቀር አይነካም። እኔም ከአገሬ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አም ኢድሪስም ያን ጠዋት ሲሸኘኝ ደግሞ ነግሮኛል። ላሞቹን ከማሳው ማዶ ይዤ ነበር። ሙሳ መጣ። የበጌት ቀንድ አጭር የሆነው እግዜር አፍሮ ነው አለኝ። ቁጭ አልኩ። የከናናን ግት፣ የቡጣናን አካሄድ፣ የፎገራን ቅቤ እየቆጠርኩ ሳስረዳው፣ እሱም ሲመልስልኝ፣ ጥላችን ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞረ። ቀና ስል መንጋው የለም።

ማሳው መሀል ነው ያገኘኋቸው። አንዷ ተንበርክካለች። አንዷ አረፋ ይዟት ትንቀጠቀጣለች። እየሮጥኩ የቀሩትን አወጣሁ፤ ሙሳም ጥምጣሙን እያውለበለበ ከጎኔ ሮጧል፣ እሱን አልክድም። ሰባት ላሞች ሞቱብን። ሐምዳይት ድረስ ሄጄ ካመጣኋቸው ስድስት በጌቶች ሦስቱ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ያልገባች አንዲት ላም ነበረች። ከበጌት ተወልዳ አባቷ ቡጣና ነው፤ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ስሟን እኔ ነኝ አሻፈረኝ ያልኳት። በስሟ ካልጠራኋት ከቆመችበት አትነቃነቅም፤ ቢገፏት፣ ቢጎትቷት፣ መኖ ቢያሳዩዋት እንቢ ነው። ስንት ጊዜ ረግሜያታለሁ በዚህ ጠባይዋ። ያን ቀን መንጋው ሁሉ ቡቃያውን አይቶ ሲሄድ እሷ አልተጠራሁም ብላ ግራሯ ሥር ከጥጃዋ ጋር ቆማ ታመሰኳ ነበር።

አም ኢድሪስ መጣና አየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ብሰደብ በወደድሁ። ቢላ ሰጠኝና ሰባቱንም ራስህ ግፈፍ አለኝ።  አንዷን ስገፍፍ የሁሉንም ስም እየጠራሁ ነበር። ያን ያህል ስለ ላም ዘር የማውቅ ሰው፣ ላሞቹን ሳላይ የላም ወሬ ሳወራ ገደልኳቸው። ይህን በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ለማንም አሳምሬ አልነገርኩም፣ ዛሬም አላሳምረውም።

ከሞቱት ሁለቱ የሚጠቡ ጥጆች ነበሯቸው። ላም የሌላ ጥጃ አታስጠጋም፣ ትወጋዋለች። አም ኢድሪስ ከኪሱ ጨው አወጣ፣ በእጁ አርጥቦ የሁለቱን የሙት ልጆች ጀርባ ቀባቸው። ከአሻፈረኝ ግት ጥቂት አልቦ ጭራቸውን በወተቷ አራሰው፣ ስታሸታቸው የራሷን እንድታሸት። ከዚያ እኔን "ጥራት" አለኝ። ጠራኋት። መጣች። አንደኛውን አሸተተችው፣ ቀንዷን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ጨውዋን አገኘቻት። ላሰች። ሁለተኛውንም ላሰች። በሦስተኛው ቀን ሦስቱም ባንድ ላይ ሲጠቧት አየሁ፤ አራቱም ጡት ባለቤት አገኘ። ለኛ አንድ ጠብታ አልቀረም፣ ማንም አልጠየቀም።

ሐጁ ከገዳሪፍ መጥቶ ሁሉን ሰማ። አላባረረኝም። አሻፈረኝን በትሩን ተደግፎ ብዙ አያትና "እኔ እያለሁ የዚህች ላም ዘር ቢላ አያየውም" አለ። ሐዘኑ ጋብ ብሎ ወተት መልሰን ማለብ በጀመርንበት ጠዋት፣ አም ኢድሪስ የመጀመሪያውን ቅል አስያዘኝና ወደ ሙሳ ላከኝ። ጥፋቱን በሙሳ ላይ ማላከኬን ሰምቶ ነበር። ሄድኩ። ሙሳ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ "ይቺ ስልቻ ደህና ናት" አለኝ። ታረቅን ማለት ነው፣ ካልን።

አም ኢድሪስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ፤ ኃላፊነቱ ለኔ ሆነ። ሰላምታውንም፣ አመዱንም፣ ጨውንም፣ አራተኛውንም ጡት እንዳለ ያዝኩ። ሰው አም ሞላ ይለኝ ጀመር። የአሻፈረኝ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እንዲህ እያለ ሄደ። ስም አልቀየርኩም፣ ሁሏም አሻፈረኝ ናት፤ ጠባዩም አልተቀየረ። በስሟ ካልተጠራች አትነቃነቅም።

ሐጁም አረፈ። ከዚያ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ልጁ ያሲን መጣ። እርሻ የተማረ ነው፤ ሁላችን ባሽመሐንዲስ እንለዋለን፣ እዚህ የተማረ ሰው የሚጠራበት ነው። ካርቱም ውስጥ የወተት ከብት ነበረው። ቤቱን፣ መኪናውን ጥሎ አሥራ አንድ የፈረንጅ ላሞች በሎሪ ጭኖ፣ መንገድ ላይ ስንት መከራ አይቶ በገዳሪፍ በኩል ዶካ አስገባቸው። እኔ ይህን አከብርለታለሁ። ከቤቱ ዕቃ ላም ያስቀደመን ሰው መጥፎ ነው አልልም።

ግን ላሞቹስ። ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ፎገራ መስለውኝ ልቤ ዘሎ ነበር። ቀርቤ ሳያቸው ሻኛ የላቸውም፣ ጀርባቸው እንደ ጠረጴዛ ነው። ካርቱም ላይ ማራገቢያ ነበራቸው አሉ። ግንቦት ሲመጣ ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ፣ ጆንያ በውሃ ነክረን ጀርባቸው ላይ እናለብሳቸዋለን። ከመዥገር ይታመማሉ፣ ከደረቅ አገዳ ይታመማሉ፣ ከዝናብ ይታመማሉ። ወተታቸው ብዙ ነው፣ እሱን አልክድም፤ ባልዲ ሙሉ ነው። ቀምሼዋለሁ። ውሃው ብዙ ነው።

ጦርነቱ መኖውን አስወደደው፣ ለሁለቱም መንጋ የሚበቃ ጠፋ። ባሽመሐንዲስ ያገሩን ከብቶች ለመሸጥ ወሰነ። ከናናዎቹንና ቡጣናዎቹን አርቢዎች ወሰዷቸው፣ ለነሱ አላዘንኩም፣ ሜዳ ነው የሄዱት። አሻፈረኝን ግን የሚገዛ ጠፋ። ከዚህ ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት፣ አሮጌ ሆናለች፣ ሥሯ የሦስት ወር ሴት ጥጃ አለች፤ ጨዌ እላታለሁ፣ ኪሴን ስለምትበረብር። በጥጃ ካልሆነ አትታለብም፣ ከኔ ሌላ ለሚያልባት እግሯን ታነሣለች። ለሥጋ ነጋዴ ሸጣት፣ ከነጥጃዋ። እኔንም በዚያው ሰሞን ጠርቶ ደክመሃልና ዕረፍ አለኝ። ለመሰናበቻ አዲስ ጀላቢያና ሬዲዮ ሰጠኝ።

አባትህ የዚህች ላም ዘር ቢላ አያየውም ብሎ ነበር አልኩት። "አባቴ 'እኔ እያለሁ' ነው ያለው" አለኝ። "እሱ የለም፣ አም ሞላ። እኔ የአሥራ አንድ ላም አፍ ይዤ ነው ያለሁት።" ይህችን በደመወዜም ቢሆን ልውሰዳት አልኩት። ቃሌን ለነጋዴው ሰጥቻለሁ አለ። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፣ ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

ሎሪው የመጣው የሥራዬ የመጨረሻ ቀን ጠዋት ነው። እኛ ዘንድ ከብት የሚጫነው በአፈር ቁልል ነው፤ ሎሪው የኋላውን ወደ ቁልሉ ያስጠጋል፣ ከብቱ በቁልሉ ወጥቶ ይገባል። አሻፈረኝን አምጥተው ቁልሉ ሥር አቆሟት። ቆመች። ገፏት። አራት ሰው ትከሻውን ሰጠ። ሹፌሩ ራሱ ወርዶ በገመድ ጎተተ። ጭራዋን ጠመዘዙ። እሷ ታመሰኳለች።

እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ።

ባሽመሐንዲስ መጣ። ላቡን ጠርጎ "ያ አም ሞላ፣ ጥራት" አለኝ።

"አልጠራም።"

"ሥራህ ነው።"

"እስከ ዛሬ ማታ ነው ሥራዬ። ማታ ድረስ እዚህ እቀመጣለሁ።"

"ሰው ይጠብቃል። ሹፌሩ ነዳጅ የለውም።"

"እኔም ጨው ብቻ ነው ያለኝ" አልኩት።

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሱም ሊስቅ ነበር፣ ያዘው። ያኔ ሹፌሩ ብልሃት አመጣ። ጨዌን ተሸክሞ ሎሪው ላይ አወጣት። ጥጃዋ ብቻዋን ስትሆን ጮኸች። አሻፈረኝ ማመስኳቷን አቆመች። ጆሮዋ ዞረ። ጥጃዋ ደግማ ጮኸች፤ ላሚቱ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይገፋት፣ የፊት እግሯን ቁልሉ ላይ አኖረች። በአርባ አምስት ዓመት፣ ከአያት ቅድመ አያቷ ጀምሮ፣ ይህን አላየሁም። ሁለተኛውንም እግሯን አነሣች። 

ባሽመሐንዲስ እኔን ሳያይ "ጥራት ስልህ ብትጠራት ይሻል ነበር፣ ቢያንስ በሰላም ትወጣ ነበር" አለ።

ተነሣሁ። "ልጥራ?" አልኩት።

"ጥራ።"

ኪሴ ገባሁ፣ ጨው በመዳፌ ሙሉ አወጣሁ፣ ከቁልሉ ማዶ ሜዳው ላይ ቆሜ "ጨዌ" ብዬ ጠራሁ።

ሰዎቹ ላሟን ሲያዩ ጥጃዋን የያዘ አልነበረም። ከሎሪው ዘላ ቁልሉን ወርዳ፣ በእናቷ ሆድ ሥር አልፋ፣ እየጋለበች መጥታ መዳፌ ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። አሻፈረኝ እግሯን ከቁልሉ አወረደች። ቀስ ብላ ዞረች። መጥታ ከጥጃዋ ጎን ቆመችና ማመስኳቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

"ጥራ አልከኝ፣ ጠራሁ" አልኩት።

ሹፌሩ ሌላ ሦስት ቦታ የሚጭን አለኝ፣ ፀሐይ ወጣ፣ የናንተን ላም አልፈልግም ብሎ ገመዱን ጠቀለለ። ነጋዴው ከሎሪው ጋር ነበር፤ እሱም እጁን አራግፎ ቃልህን መልሼልሃለሁ አለውና ሄዱ። ባሽመሐንዲስ ሎሪው እስኪርቅ ቆሞ አየው። በመጨረሻ "ውሰዳት። ግን ዘሪባዬ ደጃፍ እንዳላያት፣ ኸላስ፣ በቃ" አለኝ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። ሬዲዮውን መለስኩለት። ጀላቢያውን አልመለስኩም፣ ኪሱ ጥልቅ ነው።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ የሻረግ በር ላይ ቆማ አየችን፤ እኔን፣ ላሟን፣ ጥጃዋን።

"ጡረታ ወጣሁ ያልከኝ ውሸት ነው?" አለች።

"ወጥቻለሁ።"

"ታዲያ አለቃህን ምን ልታደርግ ይዘሃት መጣህ?"

በማግስቱ ጠዋት በልማዴ ሰዓት ተነሣሁ። እጄን በአመድና ለብ ባለ ውሃ ታጠብኩ፣ አዲሱን ጀላቢያ ለበስኩ፣ በራሴ ግቢ አጥር በር ላይ ቆሜ ሰላም አልኩ። ጆሮዋን አዞረችልኝ። ጨዌን ለቀቅሁላት፣ ጭራዋ እስኪወዛወዝ ጠበቅሁ፣ ሦስቱን ጡት አለብኩ። የመጀመሪያውን ቅል ይዤ ወደ ባሽመሐንዲስ ሄድኩ። ልታረቀው አልነበረም፤ ምን እንዳመለጠው እንዲያውቅ ነው። ዘሪባው ውስጥ ብቻውን አገኘሁት፣ ሱሪውን አጥፎ የነከረውን ጆንያ ላሞቹ ጀርባ ላይ እየዘረጋ፣ በቀስታ ያወራቸው ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ከነዚያ ጠረጴዛ ጀርባዎች አንዷ ጆሮዋን አዞረች፤ ገባሁ። ቅሉን ሰጠሁት፤ ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠጣው። "የማን ወተት ነው?" አለኝ፣ እያወቀ። "የአሻፈረኝ" አልኩት። ቅሌን ተቀበልኩ፣ አረፋው ጢሙ ላይ እንዳለ ትቼው ወደ ላሜ ተመለስኩ።